የአኒታ እናት፦ ስለ ቺታ ሪቬራ እናውራ

መጋረጃ

ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር ዌስት ሳይድ ስቶሪ ስለሚባለው ሚዩዚካል (በዘፈንና በዳንስ የሚተረክ ቴአትር) ስናወራ፣ «አኒታ የምትባለዋን ገጸ ባሕርይ የሠራቻት ሪታ ሞሬኖ አይደለችም እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ፊልሙ ላይ እሷ ናት። ኦስካርም ወስዳበታለች። ግን ፊልሙ በ1961 ሲወጣ አኒታ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። የወለደቻት ሌላ ሴት ናት። ቺታ ሪቬራ ትባላለች። ስለዚህች ሴት ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ይረዝማልና ታገሡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሙሉ ስሟ ዶሎሬስ ኮንቺታ ፊጌሮዋ ዴል ሪቬሮ ነው። ጃንዋሪ 23 ቀን 1933 ዋሽንግተን ዲሲ ተወለደች። አባቷ የፖርቶ ሪኮ ሰው ነበር። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ባንድ ውስጥ ክላሪኔትና ሳክስፎን ይጫወታል። ሰባት ዓመቷ ላይ ሞተባት። እናቷ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እየሠራች ልጆቿን አሳደገች። ቺታ አንድ ቦታ መቀመጥ የማትችል ልጅ ነበረች። ከዕቃ ዕቃ ስትዘል የሳሎኑን ጠረጴዛ ሰበረችው። እናቷ ለዚያ ሁሉ ጉልበት ማሳረፊያ ብላ የባሌ ዳንስ ትምህርት ቤት አስገባቻት።

ትምህርት ቤቱ ራሱ ታሪክ አለው። ዶሪስ ጆንስና ክሌር ሄይውድ የሚባሉ ሁለት ጥቁር መምህራን በ1941 የከፈቱት ነው። ሌላ ቦታ የባሌ በር ለተዘጋባቸው ጥቁር ልጆች ብለው። ቺታ ዳንስን ሀ ብላ የተማረችበት ቤት ይሄ ነው። 15 ዓመቷ ላይ መምህሯ ዶሪስ ጆንስ ኒውዮርክ ድረስ ይዛት ሄደች። የታዋቂው የባሌ አቀናባሪ የጆርጅ ባላንሺን ትምህርት ቤት ልትፈተን ነው። ፈተናው መሃል ጣቷ ላይ ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ ደማ። ባላንሺን ራሱ አሰረላት። የነጻ ትምህርት ዕድሉንም አገኘች።

በባሌው ብትቀጥል ዛሬ ስለ ሌላ ሰው ነበር የምናወራው። አንድ ቀን ጓደኛዋ ለአንድ ተዘዋዋሪ ሚዩዚካል ልትፈተን ስትሄድ ቺታ ልታጅባት አብራት ሄደች። ሥራውን ያገኘችው አጃቢዋ ሆነች።

አሁን ወደ 1957። ሴፕቴምበር 26 ቀን ዌስት ሳይድ ስቶሪ ኒውዮርክ ውስጥ ዊንተር ጋርደን ቴአትር ተከፈተ። ሙዚቃው የሌናርድ በርንስታይን፣ ግጥሙ ገና የ27 ዓመት ልጅ የነበረው የስቲቨን ሶንድሃይም፣ ድርሰቱ የአርተር ሎረንትስ። አዘጋጁም የዳንስ አቀናባሪውም ጄሮም ሮቢንስ። ሮቢንስ በጥናት ጊዜ የሻርክስና የጄትስ (በታሪኩ ውስጥ የሚጣሉት ሁለት የወጣት ቡድኖች) ተዋንያን እንዳይቀላቀሉ ከልክሎ ነበር። ጥላቻው መድረክ ላይ እውነት እንዲመስልለት ነው። ቺታ ከሻርክስ ወገን ናት። ያገባችው ግን ከጄትስ አንዱን ዳንሰኛ፣ ቶኒ ሞርዴንቴን ነው። ብዙም ሳይቆይ አረገዘች። ቴአትሩ ለንደን ሊከፈት ነበርና፣ ያለ እሷ አንሄድም ብለው እስክትወልድ ጠበቋት። ልብ በሉ፣ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ማሪያ ናት እንጂ አኒታ አይደለችም። ለአንዲት ደጋፊ ተዋናይት አንድ ሙሉ ቴአትር ተላለፈ። እንዲህም ሆኖ በዚያ ሥራ ለቶኒ፣ ለአሜሪካ ቴአትር ትልቁ ሽልማት፣ አልታጨችም።

በ1960 ባይ ባይ በርዲ የሚባል ሚዩዚካል ላይ ሮዚ የምትባለዋን ገጸ ባሕርይ ከዲክ ቫን ዳይክ ጋር ሠራች። ፊልሙ በ1963 ሲወጣ ዲክ ቫን ዳይክ ቦታው ላይ አለ። ሮዚ ግን ጃኔት ሊ ሆናለች።

በ1975 ደግሞ ቺካጎ የሚባለው ሚዩዚካል መጣ። የሷ ሚና ቬልማ ኬሊ። ገና ጥናቱ ሲጀመር አዘጋጁ ቦብ ፎሲ በልብ ሕመም ወደቀና ሥራው ለወራት ቆመ። ሲያገግም ተመለሱበት። ሌላዋ ዋና ተዋናይት ግዌን ቨርደንና ቺታ ጎን ለጎን ቆመው፣ ሁለቱም ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው፣ በአንድ ትንፋሽ ሲደንሱ አስቡት። በቀጣዩ ዓመት ቺካጎ ለ11 ቶኒ ታጭቶ ባዶ እጁን ወጣ። ተፎካካሪው ሚዩዚካል ኤ ኮረስ ላይን 9 ጠራርጎ ወሰደ። በ2002 ፊልሙ ሲሠራ ቬልማ ካትሪን ዜታ ጆንስ ሆነች። እሷም ኦስካር ወሰደች። ቺታ እዚያው ፊልም ውስጥ አለች፤ እስር ቤቱ ውስጥ ለጥቂት ሴኮንድ ብቅ ትላለች። ካላስተዋላችሁ ታልፏታላችሁ።

ሦስት ሴቶች ወለደች። ዓለም ሦስቱንም የሚያውቃቸው በሌላ ሰው ፊት ነው። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ስለ እግሯ ገና አልጀመርኩም፤ ማታ እመለሳለሁ።

ፊልም ወዳድ

ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ሪታ ሞሬኖ የሰው ልጅ እንደነጠቀች ሆና ቀረበች። እሷም እኮ የፖርቶ ሪኮ ልጅ ናት። እዚያ ፊልም ላይ ከነበሩት ዋና ተዋንያን የአገሩ ተወላጅ የሆነች እሷ ነበረች ማለት ይቻላል። ፊቷን ከመልኳ በላይ ጠቆር ያለ ሜካፕ ይቀቧት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ኦስካሩን ካገኘች በኋላም ይመጡላት የነበሩት ያው ዓይነት ሚናዎች ነበሩ፤ አልሠራም ብላ ዓመታት ተቀምጣለች። ሁለቱም የተገፉ ሴቶች ናቸው። አንዷን ለማንሳት ሌላዋን መጣል የለብንም።

መጋረጃ

ልክ ነህ ወንድሜ። ቅር ያለኝ በሪታ አልነበረም፤ አጻጻፌ ግን እንደዚያ ያስመስላል። ጥፋቱ የኔ ነው።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ለዚህ ነገር አዲስ ነኝ። ሚዩዚካል ከኦፔራ በምን ይለያል? ደግሞ ተዋናይት ገጸ ባሕርይ «ወለደች» ሲባል አልገባኝም። የሚፈጥረው ደራሲው አይደል እንዴ?

የዳንስ መምህርት

አዲስ ገቢ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። በተለይ ሁለተኛው።

የመጀመሪያውን ባጭሩ ልመልስ። ኦፔራ ላይ ድምፅ ንጉሥ ነው። ሚዩዚካል ላይ ግን ያው አንድ ሰው ያወራል፣ ይዘፍናል፣ ይደንሳል። ድሮ ብዙ ሚዩዚካሎች ላይ የሚደንሰው ቡድንና የሚዘፍነው ቡድን ለየብቻ ነበር። ዌስት ሳይድ ስቶሪ ይሄን ልማድ ከሰበሩት ሥራዎች አንዱ ነው። ዳንሰኞቹ እየደነሱ እንዲዘፍኑ፣ እንዲተውኑም ተጠየቁ። ቺታ ያን ጊዜ ሦስቱንም የምትችል ሰው ነበረች። እንደሷ ያለ ሰው እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ደራሲው ቃል ይጽፋል። ዳንስ ግን እንደዚያ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይመጣም። አቀናባሪው ባዶ ክፍል ይገባል። ፊት ለፊቱ አንድ ሰው አለ። «እስቲ እጅሽን ወደ ላይ፤ አይ፣ ተዪው፤ እስቲ ዙሪ» ይላል። የዚያች ሰው ወገብ የሚታጠፈው በሆነ መንገድ ነው። እግሯ የሚወነጨፈው በሆነ ፍጥነት ነው። ያማረው ይቀራል፣ ያላማረው ይጣላል። መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ዳንስ የዚያች ሴት ልክ ነው፤ ልብስ ሰፊ በገላዋ ላይ እንደለካው ቀሚስ። ዜማውም ቢሆን የሚወጣበትና የሚወርድበት ድምፅ የመጀመሪያዋን ዘፋኝ ጉሮሮ እየተከተለ ይስተካከላል። ከሷ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ያንን ቀሚስ ይለብሳሉ። አንዳንዷን ይሰፋታል፣ አንዳንዷን ይጠባታል።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። አኒታ የምትደንስበት አሜሪካ የሚባለው ዘፈን አለ። ስድስት ምት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ ለሦስት ለሦስት፣ ቀጥሎ ለሁለት ለሁለት ይከፈላል። ጠረጴዛህን እየመታህ ሞክረው፦ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት። እንደገና። አሁን ይሄን በተረከዝህ እየመታህ፣ የቀሚስህን ጫፍ ይዘህ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ሰው በሚሰማው ድምፅ ዝፈንበት። ተማሪዎቼን ይሄን ሳሠራቸው የመጀመሪያው ሳምንት ሁሌም ለቅሶ ነው። ሲይዛቸው ግን ክፍሉ ይቀየራል። ወለሉ ራሱ የሚደንስ ይመስላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙን ያየ ሰው አሜሪካ የሚለውን ዘፈን ወንዶችና ሴቶች ሲከራከሩበት ያውቀዋል። የ1957ቱ መድረክ ላይ ወንድ የለም። ሴቶቹ ብቻ ናቸው። አንዷ ፖርቶ ሪኮ ናፈቀችኝ ትላለች፣ አኒታ ትመልስላታለች። ሙሉውን ዳንስ በትከሻዋ የተሸከመችው ቺታ ነበረች።

አዲስ ገቢ

ጠረጴዛውን መታሁት። ሦስተኛው ዙር ላይ ጠፋብኝ። እናመሰግናለን እትዬ፣ አሁን ገባኝ።

መጋረጃ

እንደ ቃሌ ተመለስኩ። የእግሯ ነገር።

ኤፕሪል 1986። ቺታ 53 ዓመቷ ነው። ጄሪስ ገርልስ የሚባል ሚዩዚካል ላይ ትሠራለች። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1984፣ ዘ ሪንክ የሚባል ሚዩዚካል ላይ ከላይዛ ሚኔሊ ጋር ሠርታ የመጀመሪያ ቶኒዋን አግኝታለች። ከሃያ ዓመት በላይ ስትታጭ ቆይታ ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ ሞልቶላት ሳለ ማንሃተን ውስጥ መኪናዋን እየነዳች ታክሲ መጥቶ ገጫት። ግራ እግሯ 12 ቦታ ተሰበረ።

አሥራ ሁለት ቦታ። ለሌላው ሰው እግር መሄጃ ነው። ለሷ እንጀራዋ ነው። ሐኪሞቹ አጥንቷን በብረትና በብሎን ገጣጠሙት። ከዚያ ወራት የፈጀ ፊዚዮቴራፒ። ጣትን ማንቀሳቀስ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ መቆም፣ መራመድ እንደገና መማር። በ1988 መድረክ ላይ ነበረች። ለዚያውም ካን ካን የሚባለውን ሚዩዚካል ይዛ፣ እግር በመወርወር ዓለም ከሚያውቃቸው ከሮኬትስ ዳንሰኞች ጋር አገር ላገር ልትዞር። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ የቀን ስህተት ነው ብዬ ደግሜ አየሁት። ስህተት አልነበረም።

በ1993 ኪስ ኦቭ ዘ ስፓይደር ውመን የሚባል ሚዩዚካል ብሮድዌይ ላይ፣ በኒውዮርክ የትልልቅ ቴአትሮች ሰፈር፣ ተከፈተ። አዘጋጁ ሃሮልድ ፕሪንስ፣ ሙዚቃውና ግጥሙ የጆን ካንደርና የፍሬድ ኤብ፤ ቺካጎንና ዘ ሪንክን የጻፉላት እነዚያው ሁለቱ። ታሪኩ እስር ቤት ውስጥ ነው። አንድ እስረኛ የሚወዳትን የፊልም ተዋናይት እያሰበ ነፍሱን ያቆያል። ያቺ በሐሳቡ የምትመጣው ሴት ቺታ ናት። 60 ዓመቷ ነው። ብሮድዌይ በሳምንት ስምንት ትርኢት ነው። ሁለቱን ቀን ከሰዓትም ማታም ትቆማለህ። ብረት ያለበት እግር ይዛ ያን ሁሉ ቆመችው፤ ሁለተኛ ቶኒዋንም ወሰደች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ልበል። በ2003 በ70 ዓመቷ ናይን የሚባል ሚዩዚካል ላይ ከአንቶኒዮ ባንዴራስ ጋር ታንጎ ደነሰች። በጠቅላላው ለቶኒ 10 ጊዜ ታጭታለች። በ2018 የሕይወት ዘመን ቶኒ ሰጧት። በ2002 የኬኔዲ ሴንተርን (የአሜሪካ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ማዕከል) ክብር ስታገኝ ከላቲን ወገን የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች፤ በ2009 ኦባማ የፕሬዚዳንቱን የነጻነት ሜዳልያ አጠለቀላት። በ2023 የሕይወት ታሪኳን አሳተመች። እዚያ ላይ ውስጧ ሁለት ሴት እንዳለች ትናገራለች። ቺታ ተግባቢዋና ሳቂታዋ ናት። ዶሎሬስ ደግሞ ቁጡዋ፣ እምቢ ባይዋ። ያን እግር መልሳ ያስነሳችው ዶሎሬስ ትመስለኛለች። በቀጣዩ ዓመት፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2024፣ በ91 ዓመቷ አረፈች።

ባለ ጉልበት

እዚህ የውይይት መድረክ ላይ ሁሌ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን አላስቻለኝም።

ዳንሰኛ ነበርኩ። 29 ዓመቴ ላይ ልምምድ ላይ ዘልዬ ሳርፍ ጉልበቴ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ነገር ሰማሁ። ጅማቱ ተበጥሷል። ቀዶ ሕክምናው በደንብ ነው ያለቀው። ከስምንት ወር በኋላ ሐኪሙ «ድነሃል፣ መደነስ ትችላለህ» አለኝ። ስቱዲዮ ገባሁ። ሙዚቃው ተከፈተ። ለመዝለል ተንደርድሬ ሄድኩና ቆምኩ። እንደገና ሄድኩ። ቆምኩ። እግሬ አላመመኝም። እምቢ ያለው ሌላ ነገር ነው። ወለሉን አላምነው አልኩ። ያንን ቀን ጫማዬን ፈትቼ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ፤ ደግሜ አላወጣሁትም።

እኔ አንድ ቦታ ነው የተጎዳሁት። እሷ 12 ቦታ። እኔ 29፣ እሷ 53። መጋረጃ የጻፈውን ሳነብ ቅናት አልተሰማኝም። ለማወቅ ግን ጓጓሁ። ወለሉን እንዴት መልሳ አመነችው? መምህርት፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

የዳንስ መምህርት

ልጄ፣ ያ የቆምክበት ቦታ እኔም ጋ ብዙ ተማሪ ቆሞበታል። ፈሪ ስለሆንክ አይደለም። ሰውነት የተጎዳበትን ቦታ አይረሳም።

በሷ ልብ ውስጥ የነበረውን እኔ አላውቅም። በዓይን የሚታየውን ግን ልንገርህ። በ1993ቱ የቶኒ ምሽት ያቀረቡት ዳንስ ቪዲዮው አለ። ድምፁን ዘግተህ እየው። ወንዶቹ ዙሪያዋን ይዘላሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። እሷ መሃል ላይ ናት። ብዙ አትዘልም። ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል። አገጯ ይዞራል። እጇ ይዘረጋና ጣቶቿ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ዓይንህ ግን ከሷ ላይ አይነሳም። ወጣት ሆና በእግሯ ትናገረው የነበረውን በአንገቷና በጣቶቿ መናገር ጀምራለች። ያጣችውን እያባረረች አልሮጠችም። በቀረው ሠራች። የቀረውም ብዙ ነበር።

አንተ ደግሞ ጫማህን ከከረጢት አውጣው። ዝለል አላልኩህም። አድርገውና ዝም ብለህ ቁም።

ባለ ጉልበት

እሺ እማ።

ሌሊት አንባቢ

የ1957ቱን አኒታ ማየት የሚቻልበት መንገድ የለም? የሆነ ሰው ቀርጾት ይሆናላ።

መጋረጃ

ሙሉው ቴአትር በፊልም የለም። ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር የሚገኘው የትርኢት ጥበባት ቤተ መጻሕፍት የብሮድዌይ ቴአትሮችን እየቀረጸ ያስቀምጣል። እዚያው ሄደህ፣ እዚያው ተቀምጠህ ታያለህ። ይዞ መውጣት፣ መቅዳት የለም። ግን ይሄን ሥራ የጀመሩት በ1970 ነው። አኒታ ቀድማ አለፈች። ፎቶዎቹ አሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ተዋንያን የዘፈኑበት የ1957ቱ አልበም አለ። እሱን ስሙት።

ፊልም ወዳድ

አልበሙን ትናንት ማታ ሰማሁት። አንድ ነገር ልናገር መጣሁ።

መጨረሻ አካባቢ አኒታ የወንድ ጓደኛዋ ተገድሎ ማሪያን የምትቆጣበት ዘፈን አለ። ፊልሙ ላይ እንዳለ ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። የማላውቀው ነገር ግን እዚያች ቦታ ላይ የምንሰማው ድምፅ የሪታ አለመሆኑን ነው። ዜማው በጣም ወደ ታች ስለሚወርድ ቤቲ ዋንድ የምትባል ዘፋኝ ገብታ ዘፍናዋለች። ለካ መምህርት ስለ ቀሚሱ ያሉት ይሄ ነው። በቺታ ጉሮሮ ልክ የተሰፋ ዜማ።

አልበሙ ላይ ራሷ ናት። አትጮህም። ቃሉን በጥርሷ ይዛ ነው የምትለቀው። ሐዘኑ ከታች፣ ከሆድ ይመጣል። የ24 ዓመት ልጅ ናት እኮ። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። መጋረጃ፣ የተንገበገብክበት ነገር አሁን ገባኝ። ሪታንም አሁንም እወዳታለሁ።

ዝምተኛው

በ2015 ኒውዮርክ ለሥራ ሄጄ ነበር። ሥራዬ በጊዜ አለቀና ላይሲየም ቴአትር ገባሁ። ዘ ቪዚት ይታይ ነበር። ይሄን ሚዩዚካል ካንደርና ኤብ ጽፈውት በ2001 በቺካጎ ከተማ ታይቷል። ብሮድዌይ እስኪደርስ 14 ዓመት ፈጀ። ኤብ መሃል ላይ ሞቷል። ቺታ ግን ሚናዋን ይዛ ጠበቀች። ስገባ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። ማን እንደሆነችም በቅጡ አላውቅም።

ታሪኩ በወጣትነቷ ተክዳ ከተማዋን ለቃ የሄደች ሴት ሀብታም አሮጊት ሆና ስትመለስ ነው። ገጸ ባሕርይዋ አንድ እግሯ የእንጨት ነው። በ1986 ስለሆነው ነገር ያነበብኩት ዛሬ እዚህ ነው። አሁን ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። የዳንሱ አቀናባሪ ግራሲዬላ ዳኒዬሌ ነበረች። በ1975ቱ ቺካጎ ላይ ከቺታ ጋር መድረክ ላይ የደነሰች ሴት ናት።

አንድ ቦታ ላይ ሙዚቃው ቀስ ይላል። ቺታ ነጭ ለብሳ፣ ከዘራዋን ይዛ ቆማለች። 82 ዓመቷ ነው። የወጣትነቷን ዘመን የምትሠራው ልጅ ወደሷ ትመጣለች። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። አሮጊቷና ወጣቷ፣ አንድ ሰው ሆነው፣ አብረው መደነስ ይጀምራሉ። እርምጃው ትንሽ ነው፤ አንድ ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ኋላ። ልጅቷ ቀና ብላ ታያታለች። ቺታ ዓይኗን ከልጅቷ ላይ አልነቀለችም።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ዳንሱ እስኪያልቅ ድረስ በሁለት ጣታቸው የኮፍያውን ጠርዝ ይመቱ ነበር። አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት።